ማሽኑ ያልገባው ዓመተ ምሕረት

ለአንድ የሂሳብ ሠራተኛ ቦታ 412 ማመልከቻ መጣልን። በሰው ኃይል ክፍሉ ያለነው ሁለት ነን። ከዚህ በፊት እንዲህ ሲበዛብን ከላይ ያሉትን አንብበን የቀረውን አስረን እናስቀምጥ እንደነበር አልደብቅም። በዚህኛው ዙር ኮምፒውተር ያንብብልን አልኩ።

ማስታወቂያውንና እያንዳንዱን ማመልከቻ ከነሥራ ልምድ ደብዳቤው ጽሑፍን ወደ ቁጥር ለሚለውጥ የቋንቋ ሞዴል ሰጠሁ፤ በትርጉም ለማስታወቂያው የቀረበው ከላይ ይሰለፋል። የአገልግሎት ዘመኑን የሚደምረውን ፕሮግራም ግን ራሴ ጻፍኩ። መጀመሪያ ያስቸገረን ፊደሉ ነበር። "ሂሳብ" እና "ሒሳብ" እንደ ሁለት ቃል ተቆጠሩ፤ ሞክሼዎቹን ወደ አንድ በማምጣት ተገላገልኩ። ፒችትሪ የሚባለው የሂሳብ ሶፍትዌር ስምም በአራት ዓይነት አጻጻፍ መጥቶ ነበር።

ዝርዝሩ ሲወጣ ግርጌ ላይ የቀሩትን 40 ማመልከቻዎች በእጄ አነበብኩ። ካላደረግሁት አንዲት ጎበዝ አመልካች ታመልጠን ነበር። ዲግሪዋ ላይ 2016 ተብሎ በፈረንጆች ተጽፏል፤ የሥራ ልምድ ደብዳቤዋ ደግሞ ከ2009 እስከ 2014 ዓ.ም. ይላል። ለእኛ ግልጽ ነው፤ ተመርቃ ወዲያው ተቀጥራለች። ፕሮግራሜ ግን ከምረቃ በኋላ ያለውን ልምድ ብቻ እንዲቆጥር ስላዘዝኩት አምስቱን ዓመት ዜሮ አደረገው። ጥፋቱ የማሽኑ አልነበረም፤ ሁለት የዘመን አቆጣጠር ባለበት አገር እየኖርኩ አንዱን ብቻ ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ በኋላ መጠራጠር ጀመርኩ። በ2018 እ.ኤ.አ. ሮይተርስ እንደዘገበው አማዞን ሲሞክረው የነበረው መመልመያ የሴቶችን ማመልከቻ ዝቅ ያደርግ ነበር፤ ያለፉት ዓመታት አመልካቾች በብዛት ወንዶች ስለነበሩ ከእነሱ ተምሯል። እኛ ጋስ? አንድ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ወስጄ "አገልግሏል" የሚለውን "አገልግላለች" አልኩት፤ ሌላ የነካሁት የለም። ነጥቡ ወረደ! ማስታወቂያውን ሳየው "የተመረቀ፣ የሠራ፣ የሚችል" እያለ ከዳር እስከ ዳር በወንድ አንቀጽ ተጽፏል። የጻፍኩት ደግሞ እኔ ነኝ፤ ሴት ሆኜ። አሁን ጾታ የሚለዩ ግሶችን ከማወዳደሬ በፊት ወደ ሥርወ ቃላቸው እመልሳለሁ።

ሥራ አስኪያጃችን ግርጌውን አሁንም በእጄ እንደማነብ ሲሰሙ "ታዲያ ማሽኑ ምን ሊሠራ ነው?" አሉኝ። 372ቱን ያነበበልኝ እሱ ነው አልኳቸው። ለፈተና ከጠራናቸው 12 ሰዎች አንዷ ያቺ የ2009 አመልካች ነበረች።