ሳፋሪ ራሊ ከነአቧራው

ሦስት ቀን ሙሉ አቧራ ስቅም ከርሜ፣ መኪና ያየሁበት ጊዜ ቢደመር ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ይህን የሰማ ሰው ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው። "ታዲያ ለዚህ ብለህ ነው ኬንያ ድረስ የሄድከው?" አዎ፣ ለዚህ ነው። ድጋሚም እሄዳለሁ። ግን እንደዚያ እንደ አርብ ዕለቱ አልሄድም።

የመኪና ውድድር ከልጅነቴ ጀምሮ በቴሌቪዥን ነው የማየው። ፎርሙላ ዋንን ቦታው ድረስ ሄዶ ማየት ለኔ ኪስ የሚቀመስ አይደለም። የዓለም ራሊ ሻምፒዮና ግን ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ቢያስኬድ ነው። የሻምፒዮናው የኬንያ ዙር፣ ሳፋሪ ራሊ፣ የተጀመረው በፈረንጆቹ 1953፣ የእንግሊዟን ንግሥት የኤልሳቤጥን ንግሥ ምክንያት አድርጎ ነው። ከ2002 በኋላ ከዓለም ሻምፒዮናው ወጣ፤ በ2021 ተመለሰ። እኔ የሄድኩት በ2023 ነው፤ በኛ ሰኔ 2015።

ናይሮቢ የአክስቴ ልጅ አለች። ኢስሊ ውስጥ ሱቅ አላት። ስለ ራሊ የምታውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በዚያ ሳምንት ናይቫሻ ላይ ጭፈራ አለ። "አንተ ልጅ፣ አብሬህ እሄዳለሁ። መኪናውን ግን አንተው እይልኝ" አለችኝ።

ከናይሮቢ ናይቫሻ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በማይ ማሂው በኩል ስንወርድ ከመንገዱ ዳር አንዲት ትንሽዬ ቤተ ክርስቲያን አለች። መንገዱን ሲሠሩ የነበሩ የጣሊያን የጦር ምርኮኞች ናቸው በ1942 የሠሯት። እዚህ እኛ ዘንድ የጀመሩት ወረራ እዚያ መንገድ ቆፋሪ አድርጓቸው ቀረ። ከታች ስምጥ ሸለቆው ተዘርግቷል። ግራሩ፣ አቧራው፣ የራቀው ተራራ፣ ቁርጥ የዝዋይ መንገድ። ሰው አገሩ ያለ ይመስለዋል።

መጀመሪያ የተሸወድኩት በማደሪያ ነው። ክፍል የያዝኩት በስልክ መልእክት ብቻ ነበር። ቀብድ አልከፈልኩም። ሐሙስ ማታ ስንደርስ ክፍላችን ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። በዚያ ሳምንት የናይቫሻ አልጋ ዋጋው ብዙ እጥፍ ስለሚሆን ባለቤቱ ለኔ "እሺ፣ ችግር የለም" ቃል ብሎ የሚያስቀምጥበት ምክንያት የለውም። የአክስቴ ልጅ ያን ማታ ስልኳን አልጣለችም። በመጨረሻ ጊልጊል በምትባል ጎረቤት ከተማ ውስጥ አንዲት የእንግዳ ማረፊያ አገኘች፣ ወዲያው በኤም-ፔሳ ላከችላቸው፣ ደረሰኙን አሳየችኝ። "እዚህ አገር አፍ አይሠራም" አለች። እኛስ አገር መቼ ሠርቶ ያውቃል! ያም ሆኖ ጊልጊል መሆናችን በኋላ ጠቀመን።

አርብ ጠዋት ደግሞ ስግብግብነቴ ጉድ ሠራኝ።

ለማያውቀው ሰው፣ ራሊ እንደ ፎርሙላ ዋን አንድ ቦታ መሽከርከር አይደለም። የሚዘጋ የገጠር መንገድ አለ፤ ስቴጅ ይባላል። መኪኖቹ አንድ በአንድ፣ በደቂቃዎች ልዩነት ይለቀቃሉ። እሽቅድምድሙ ከሰዓት ጋር ነው። ያን ዓመት 19 ስቴጅ ነበር፣ ተደምሮ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ። አንዱ ሐሙስ ናይሮቢ ካሳራኒ ላይ የተደረገው ነው፤ እሱ ገና አውሮፕላን ላይ ሳለሁ አለፈኝ። የቀረው ናይቫሻ ሐይቅ ዙሪያና ወደ ናኩሩ ሲሄዱ ያለው ኤልመንታይታ አካባቢ ነው።

እኔ ካርታ ዘርግቼ፣ ጠዋት ሎልዲያ የሚባለውን ስቴጅ አይቼ ወዲያው በሐይቁ ደቡብ ወዳለው እሄዳለሁ ብዬ አሰላሁ። ካርታው ላይ አንድ ጣት አይሞላም። መንገዱ ግን የመጀመሪያው መኪና ከመነሳቱ ሰዓታት በፊት ነው የሚዘጋው። ሎልዲያ ስንደርስ ፖሊሱ እጁን አወዛወዘ፣ አለቀ። ከግራር ጀርባ ሆኜ የሰማሁት ድምፅ ብቻ ነው። ነጂው እግሩን ከነዳጁ ባነሳ ቁጥር ሞተሩ እንደ ጥይት ይንጣጣል። ድምፁን ሰምቼ መኪናውን አላየሁም። ሠርግ ቤት ደጃፍ ቆሞ ዘፈኑን ብቻ እንደመስማት ነው።

ከዚያ ወደ ደቡብ ሩጫ። ማታቱው (ሚኒባስ ታክሲው)፣ ለጭፈራ የመጣው ወጣት፣ ባለ ቦዳቦዳው (ባለ ሞተር ታክሲው)፣ ሁሉም አንድ መንገድ ላይ ተፋጠጠ። ስንደርስ የጠዋቱ ዙር አልቋል። በነገራችን ላይ አንድ ስቴጅ በቀን ሁለቴ እንደሚነዳ አውቅ ነበር። አንድ ቦታ ቁጭ ብዬ ሁለቱንም ዙር ማየት እንደምችል ግን ያኔ አልታየኝም።

የከሰዓቱን ዙር አገኘሁ። የቆምኩት ግን ነፋሱ በሚነፍስበት አቅጣጫ ነው። እዚያ ያለውን አፈር የራሊ ሰዎች ፌሽ-ፌሽ ይሉታል። ዝም ብሎ አፈር እንዳይመስላችሁ። እግር ስታስገቡበት እንደ ጤፍ ዱቄት ድምፅ ሳያሰማ ይውጣችኋል። የመጀመሪያው መኪና እንደመብረቅ አለፈና አቧራው በላዬ ተከነበለ። ሁለተኛው ሲመጣ ገና አልጠራም ነበር። ሦስተኛውን በጆሮዬ ነው ያየሁት። የአክስቴ ልጅ በነጠላዋ ተሸፋፍና "ቩምቢ፣ ቩምቢ" እያለች ትስቃለች። አቧራ ማለት ነው። በስዋሂሊ መጀመሪያ የለመድኩት ቃል እሱ ሆነ።

የዕለቱ ጥሩ ነገር ያልጠበቅሁት ነው። ራሊ መኪኖች ከስቴጅ ወደ ስቴጅ የሚሄዱት እንደማንኛውም መኪና ባልተዘጋ መንገድ ነው። ታርጋ አላቸው፣ የትራፊክ ሕግ ያከብራሉ። ስንመለስ አንዱ መስቀለኛ መንገድ ላይ ከአህያ ጋሪ ኋላ ቆሞ አገኘነው። ከጎኑ ወደ ላይ የወጣው የአየር መሳቢያ ቱቦ፣ የተላጠው ፓራፋንጎ፣ ኮፈኑ ላይ የደረቀው ጭቃ፣ ሁሉም በሁለት እርምጃ ርቀት። ነጂው መሪው ላይ ክንዱን አሳርፎ ጋሪው እስኪያልፍ ይጠብቃል። ባለጋሪው ዞር ብሎም አላየው።

ማታ ናይቫሻ ሰርቪስ ፓርክ ገባን። ጊዜ ያለው ሰው እዚያ ሳይደርስ አይመለስ። መካኒኮቹ የተሰጣቸው 45 ደቂቃ ነው። በዚያ ውስጥ ሥሩን ገልጠው ሞላውን፣ ፍሬኑን፣ ካስፈለገም ካምቢዮውን ያወርዳሉ። ማንም አይጮህም። አንዱ እጁን ሲዘረጋ ሌላው መፍቻውን ያቀብላል። እኔ የፍሬን ሸራ ለማስቀየር ጋራዥ ሁለት ቀን የተመላለስኩ ሰው ነኝ። አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

ለቅዳሜ ዕቅዴን ቀደድኩት። አንድ ስቴጅ፣ አንድ ኮረብታ፣ ሁለቱም ዙር። የመረጥነው ስሊፒንግ ዋሪየርን ነው። ስሙን ያገኘው በጀርባው የተኛ ጦረኛ ከሚመስለው ተራራ ነው። ከጊልጊል ቅርብ ስለሆነ ያ የማደሪያ ጣጣ እዚህ ላይ በጎ ሆነ። የአክስቴ ልጅ ከሾፌሩ ጋር "ሳ ኩሚ ና ሞጃ" ብላ ተቀጣጠረች። አሥራ አንድ ሰዓት ማለት ነው፤ በእነሱም በኛም ከንጋቱ በፊት። ስዋሂሊ ሰዓት የሚቆጥረው እንደኛው ነው። የውድድሩ መርሐ ግብር ግን በፈረንጅ ሰዓት ስለሆነ ሁለቱን እንዳላምታታ ስልኬ ላይ ለይቼ ጻፍኩ።

ንጋት ላይ ቅዝቃዜው አጥንት ይገባል። ጋቢ ይዤ መሄዴ የጉዞው ብቸኛ ብልህነቴ ነው። ቆንጠር አፈር አንስቼ በትኜ ነፋሱ ወዴት እንደሚሄድ አየሁ። ከዚያ በተቃራኒው፣ ከመታጠፊያው በውስጥ በኩል፣ ከፍ ያለ ቦታ ያዝን። በውጭ በኩል ብዙ ሰው ቆሟል፤ ፎቶ ያምራል። ማርሻሉ፣ ማለትም የውድድሩ ሥርዓት አስከባሪ፣ ደጋግሞ በፊሽካ ያባርራቸዋል። ልክ ነው። መኪናው ከሳተ የሚመጣው ወደ እነሱ ነው።

አጠገባችን አንድ ሽማግሌ ተጣጣፊ ወንበርና ትንሽ ራዲዮ ይዘው ተቀምጠዋል። "ምዜ" አልኳቸው፣ እንደ አገሩ፤ ለሽማግሌ የአክብሮት መጠሪያ ነው። ከየት እንደመጣሁ ሲሰሙ "ኢትዮፒያ! ሯጮች ናችሁ፤ መኪና ምን ያደርግላችኋል?" አሉኝ። ከዚያ ድሮውን አወሩ። ያኔ መንገድ አይዘጋም፣ ላሙም አውቶቡሱም ያልፋል። የኬንያው ሾፌር ጆጊንደር ሲንግ በ1965፣ በ1974ና በ1976 አሸንፏል። ሌላው የአገራቸው ሾፌር ሸካር ሜህታ አምስት ጊዜ፤ አራቱ በተከታታይ፣ ከ1979 እስከ 1982። ዓመቱን የሚቆጥሩት እንደ ልጆቻቸው ልደት ነው። ኬንያዊቷ ሾፌር ማክሲን ዋሆሜ በ2022 እዚሁ ውድድር ላይ ደብልዩአርሲ ሦስት የሚባለውን ዝቅ ያለ ምድብ ማሸነፏን ሲነግሩኝ ደግሞ ጭብጨባ ጨመሩበት።

ኔትወርክ የለም። ስልኬ ዋጋ አልነበረውም። እሳቸው ግን ራዲዮውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ለሁላችንም ሰዓቱን ይነግራሉ። ቀድሞ የሚሰማው ሄሊኮፕተሩ ነው። ቀጥሎ ሜዳው ጫፍ ላይ ቀጭን የአቧራ ዘንግ ይቆማል። ዘንጉ ይሮጣል፣ ከታቹ ግን ምንም አይታይም። ፊሽካ። ከዚያ ድምፁ። ከዚያ ነጠብጣብ የምታክል ነገር ታድግና በድንገት መኪና ትሆናለች፤ ጎኗን ሰጥታ ትታጠፋለች፣ ጠጠር ትረጫለች፣ ትሄዳለች። ያን ኮረብታ ስለመረጥን አንዷን መኪና ወደ አንድ ደቂቃ ያህል እናያታለን። አርብ ዕለት ግን አሥር ሰከንድ ነበር።

በሁለቱ ዙሮች መሀል ሰዓታት አለ። ማንዳዚ (በዘይት የተጠበሰ ሊጥ) በሻይ በላን፣ ተኛን፣ ተነሳን። የአክስቴ ልጅ "ጭፈራው ይቅርብኝ፣ ነገም እዚሁ እንምጣ" አለች። ነገ ሌላ ቦታ ነው አልኳት።

እሑድ ሄልስ ጌት። የገሃነም ደጅ እንደማለት ነው። ቀይ ገደል፣ ከመሬት የሚወጣ እንፋሎት፣ ራቅ ብሎ የሜዳ አህያ። የመጨረሻው ስቴጅ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ፈጣኖቹ ተጨማሪ ነጥብ ያገኙበታል። ፍልሚያው በሁለት የቶዮታ ሾፌሮች መሀል ነበር። ቁጥር 17 ሴባስቲያን ኦዥዬ፣ ያኔ የስምንት ጊዜ ሻምፒዮን። ቁጥር 69 ካሌ ሮቫንፔራ፣ ገና የ22 ዓመት ልጅ፣ ያኔ የዓለም ሻምፒዮን። ሁለቱም በፊቴ አለፉ። ማን እንደፈጠነ በዓይኔ መለየት አልቻልኩም። የሆነ ሰው ራዲዮ ጮኸና ኦዥዬ በ6.7 ሰከንድ ማሸነፉን ሰማን። ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ተነድቶ ልዩነቱ ይህ ነው! ከአንድ እስከ አራት የወጡትም ቶዮታዎች ናቸው።

አብዛኛው ሰው ወዲያው ወደ መኪናው ሮጠ። እኛም ሮጥን፣ ያም ስህተት ነበር። አንደኛ፣ የኬንያ ልጆች የሚነዷቸው መኪኖች ገና እየመጡ ነበር፤ ከሩቅ የሰማሁት ጩኸት ለሻምፒዮኖቹ ከተጮኸው ይበልጣል። ሁለተኛ፣ ወደ ናይሮቢ የሚወጣው ዳገት ላይ መኪና በመኪና ላይ ተደርድሮ ነበር። ኢስሊ የገባነው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው። እዚያው አድረን ሰኞ መመለስ ነበረብን።

ነጠላው ሦስት ጊዜ ታጥቦም ውኃው ቡናማ ነው። የአክስቴ ልጅ ፎቶውን ልካልኝ "የቩምቢ ሂሳብ ክፈል" ብላ ጻፈችልኝ። ከ2024 ወዲህ ውድድሩ ከሰኔ ወደ መጋቢት አካባቢ ተዛውሯል፤ የዝናቡ ወቅት ነው። ለሚቀጥለው ጊዜ ነጠላውን ትተን ቦት ጫማ እንድንገዛ ተስማምተናል። የማረፊያውን ቀብድ የምትልከው እሷ ናት።