በጉ ካገኘው ቆይቷል

ሦስት ሳምንት አለፈ። አሁንም ማታ ጋደም ስል የጎረቤታችን የሐጂ ትንሽ ልጅ ድምፅ ይመጣብኛል። «ጋሼ፣ እሱንማ በጉ ካገኘው ቆይቷል።»

አጎቴ ጨረታ ይወዳል። እኛ ቤት ከጨረታ የመጣ የጥርስ ሐኪም ወንበር አለ፤ አክስቴ በርበሬ ታሰጣበታለች። ዘንድሮ ደግሞ አንዲት አሮጌ ሞተርሆም ይዞ መጣ። አልጋ፣ ምድጃ፣ ላቫንዲኖ፣ ሻወር፣ ምኑ ቅጡ። ሰፈሩ ባደረች በማግስቱ ስም አወጣላት፦ «ሽንት ቤት ያላት መኪና»። አጎቴ ሐይቅ ወስዶ ውሃው ዳር ሊያቆማትና ለእንግዳ ሊያከራያት ነው ያሰበው። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ እሱ አያቅትም። ያቃተው ቧንቧዋ ነው። ጠብ አይልም።

«አንተ እኮ እጅህ ላይ ሙያ አለ» አለኝ።

ሙያዬ አምና የሽንት ቤታችንን ማጠራቀሚያ በላስቲክ ማሰሬ ነው። ግን ሰው ሲያሞግሰኝ አልችልም። የዓመት ፈቃድ ሞላሁ።

ይሄ ሁሉ የሚሆነው ቧንቧ ውሃ በሚባል ሰፈር ነው። ስሙን ያወጣለት ሰው ፈረቃ የሚባል ነገር አያውቅም መሰለኝ። ውሃችን የሚመጣው ሲፈልግ ነው፤ ሲፈልግ ደግሞ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ነው። ስለዚህ የመኪናዋን ታንከር የሞላሁት በጀሪካን ነው። 100 ሊትር ትይዛለች። አምስት ባለ 20 ጀሪካን በገዛ ወገቤ።

አሠራሯ ቀላል ነው። በ12 ቮልት ባትሪ የምትሠራ ትንሽ ፓምፕ አለቻት። ቧንቧ ስትከፍት ግፊቱ ይወርድና ትነሳለች። ስትዘጋ ግፊቱ ይሞላና ዝም ትላለች። ሁሉም ቧንቧ ተዘግቶ በራሷ ከተነሳች ግን የሆነ ቦታ ያፈሳል ማለት ነው። ይህን ያየሁት ዩቲዩብ ላይ ነው። ለአጎቴ የነገርኩት ግን ኮሌጅ የተማርኩት አስመስዬ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ጥሩ ነበር። የደረቀውን የውሃ ጎማ ቆርጬ ጣልኩ፣ አዲስ አስገባሁ፣ ስድስት የጎማ ማሰሪያ ፋሼታ አጠበቅሁ። ላቫንዲኖው ላይ ውሃ ሲመጣ አክስቴ እልል አለች። ሁሉንም ዘጋሁ። ፓምፗ ዝም አለች። እጄን ታጥቤ ልወጣ ስል ሩብ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ «ድርርርር»።

በራሷ።

ሁለት ቀን ሙሉ እሷን ሳሳድድ ዋልኩ። በየሩብ ሰዓቱ ድርርርር። ማታ አጠፋታለሁ፣ ጠዋት ሳበራት እንደገና። ፍራሹ ወጥቶ ግቢ ተዘረጋ። ቁም ሳጥኑ ተፈታ። ሻወሩ ተፈታ። የፈታሁትን ሁሉ መልሼ ስገጥም ሁልጊዜ ሁለት ብሎን ይተርፈኛል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልተንፍስ። ግማሽ ኢንች የሚባለውን ነገር ማን ነው የሰየመው? ግማሽ ኢንች 12.7 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሂሳብ ነው። አሁን ሂዱና ግማሽ ኢንች የሚሉትን የቧንቧ ጥርስ ከውጭ ለኩት። 21 ሚሊ ገደማ ይመጣል። የብረት ቧንቧውን ውስጡን ለኩት፣ እሱም ከ12.7 ይበልጣል። ግማሽ ኢንች የሆነ ምንም ነገር የለውም! የሕንፃ መሣሪያ ሻጩ ግን እንደ ሞኝ የሚያየው እኔን ነው።

«ስንት ኢንች?»

«12 ሚሊ ጎማ ላይ የሚገባ።»

«እሱማ ግማሽ ኢንች ነው።»

ገዝቼ እሄዳለሁ፣ አይገባም። እመለሳለሁ። «እንግዲያ ሦስት አራተኛ ይሆናላ።» አይሆንም። ከጀርባው «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ተለጥፏል። በሁለት ቀን ውስጥ ስድስት ጊዜ ፒያሳ ተመላልሼ የባጃጁ ልጅ በስሜ ይጠራኝ ጀመር። ጣሊያን ደሴ የገባው በ1928 ነው፣ በ1933 ተባርሮ ወጣ። ፋሼታ፣ ፒንሳና ካቻቢቴ ግን አልወጡም። እነሱ ናቸው እስካሁን የሚያሰቃዩኝ።

ሐጂ በየቀኑ ይመጣሉ። በርበሬው ካልተሰጣ የጥርስ ሐኪሙ ወንበር ላይ ጋደም ብለው ሥራዬን ይመለከታሉ። የራሳቸውም ጭንቀት አላቸው። ለአረፋ የገዙት በግ ውሃ አልጠጣ ብሏቸዋል።

«ባልዲ አቀርብለታለሁ፣ ዞርም አይል። ሁለት ቀኑ። ሳሩን ግን ይበላል። ምን አገኘው ትላለህ?»

«ብርዱ ይሆናል ሐጂ» አልኩ፣ አንገቴን ላቫንዲኖ ሥር ቀርቅሬ። ምን አውቄ ነው? በጉ የታሰረው ከመኪናዋ ኋላ መሰላሉ ላይ ነበር። እዚያ ሣር አለ።

ሦስተኛው ቀን ከሰዓት የጦሳ ተራራ ጉሙን ለበሰ፣ ብርዱ አጥንት ይገባል። አክስቴ ቡና አፈላች። ሰው ሰበሰበች፣ ስምንት ይሆናሉ። አጎቴ «እስቲ አሁን ምን ላይ ደረሰ?» አለኝ በሰው ፊት። ስኒዬን አስቀመጥኩ። ተነሳሁ። ለምን እንደተነሳሁ እንጃ፤ ቁጭ ብዬ ባወራው ኖሮ እንዲህ አይከብድም ነበር።

ስለ ግፊት አስረዳሁ። ስለ ፓምፕ አስረዳሁ። በካቻቢቴው እየጠቆምኩ ነው። ከዚያ መደምደሚያዬን አመጣሁ። «መሬቱን እዩት። አንዲት ጠብታ አለ? የለም። ውጭ ቢያፈስ መሬቱ አይረጥብም? ስለዚህ ውሃው የሚጠፋው ወለሉ ውስጥ ነው። ወለሉ መቀደድ አለበት።»

አጎቴ ቢጫ ሆነ። አንዱ ጎረቤት «ሳይንስ ነው» አለ። ፓምፗም የምስክርነት ቃሏን ሰጠች፦ ድርርርር።

ይሄኔ ነው የሐጂ ልጅ ቆሎውን እየቆረጠመ «ጋሼ፣ እሱንማ በጉ ካገኘው ቆይቷል» ያለው።

ሁላችንም ወደ ኋላ ዞርን።

መኪናዋ ከጎኗ አንዲት ትንሽ መስኮት መሳይ በር አለቻት። ለካስ የውጭ ሻወር ናት፤ ፈረንጅ ሐይቅ ዋኝቶ ሲወጣ እግሩን የሚታጠብባት። ከውስጧ አጭር ጎማ ተንጠልጥሏል። የጎማው ጫፍ በጉ አፍ ውስጥ ነው።

አይቸኩልም። ዓይኑን ግማሽ ጨፍኗል። አንዲት ጠብታ ትመጣለች፣ ይቀበላታል፤ ሌላዋ ትመጣለች፣ ይቀበላታል። ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፍቷል። እኔ በወገቤ ተሸክሜ ያመጣሁትን፣ በፓምፕ ተገፍቶ፣ በስድስት ፋሼታ ታስሮ፣ አፉ ድረስ የሚደርሰውን ውሃ መሬት ሳያስነካ ነው የሚጠጣው። ቧንቧ ውሃ ሰፈር ውስጥ ሃያ አራት ሰዓት መስመር የገባለት ብቸኛው ነዋሪ እሱ ነው። ሁላችንንም ቀና ብሎ አየን። ከዚያ እኔን ለብቻዬ አየኝ። ማላመጡንም አላቆመም።

ዝም ተባለ። ከዚያ ሐጂ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ። «አልሐምዱሊላህ! በጌ ደኅና ነው!»

ያን ያህል ሰው ሲስቅ ጦሳ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። መሳቃቸው ምንም አይደለም። አክስቴ ግን ሳትስቅ መጥታ ጀርባዬን እየዳበሰች «አብሽር የኔ ዓለም» አለችኝ። እሱ ነው የገደለኝ።

እጀታዋን በሁለት ጣት ሩብ ዙር አዞርኳት። ፓምፗ ዝም አለች። ዛሬም ዝም እንዳለች ነው። ማን ከፍቷት ኖሯል ለሚለው፣ እኔ ነኝ። የመጀመሪያው ቀን ታንከሩን ሳልሞላ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው» ብዬ አዙሬያት ነበር። ምንም ሳይወጣባት ሲቀር ትቻት ሄድኩ። ይህን ለአጎቴ አልነገርኩትም፤ እናንተም አትንገሩት።

አሁን ሰፈር ውስጥ የአንዱ ቧንቧ ሲያፈስ «በጉን ጥሩት» ይባላል። እኔን የሚጠራ የለም። እኔም ችዬው ነበር፤ አረፋ ሩቅ አይደለም ብዬ በሆዴ ቀን እቆጥር ነበር። ትናንት ሐጂ መጥተው ወንበሩ ላይ ጋደም አሉና «ይሄን በግ እንኳ ላርደው አልጨክንም፣ ዐዋቂ ነው» አሉ።

ዛሬ ጠዋት ሌላ ሊገዙ ሰኞ ገበያ ወርደዋል።