የዜግነት ፈተናውን በአማርኛ ተረድቼ በእንግሊዝኛ መለስኩት

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ አሌክሳንድሪያ፣ ሐበሻ ተሰብስቦ ስለ አሜሪካ ዜግነት ፈተና ሲያወራ መጀመሪያ የሚነሣው «ስንት ጠየቁህ? ምን ምን ወጣብህ?» የሚለው ነው። ጥያቄዎቹ ከነመልሳቸው በኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ በነፃ ስለሚገኙ አብዛኛው ሰው ወረቀቱን አትሞ፣ ወይም መኪና ውስጥ እያዳመጠ ይሸመድዳቸዋል። ያልፋልም። እኔ የሄድኩበት መንገድ ግን ይለያል፤ ትምህርቱን መጀመሪያ በአማርኛ ተረዳሁት፣ እንግሊዝኛውን መጨረሻ ላይ ደረብኩበት። ጊዜ ይፈጃል፤ ግን ከፈተናው በኋላም ብዙ ነገር አብሮኝ ስለቀረ፣ ለማመልከት ያሰባችሁ እንድትጠቀሙበት እንዴት እንዳደረግኩት ልንገራችሁ።

ደንቡን ላስቀድም። ግሪን ካርድ ከተያዘ አምስት ዓመት ሲሞላ (ከአሜሪካዊ ዜጋ ጋር ተጋብቶ አብሮ ለሚኖር ሦስት ዓመት) ኤን 400 የሚባለው ፎርም ይሞላል፣ አሻራ ይሰጣል፣ ከዚያ ኢንተርቪው ነው። እኔ የተፈተንኩት በቀድሞው ፈተና ነው፤ ከ100 ጥያቄዎች እስከ 10 ይጠየቃል፣ 6 የመለሰ ያልፋል። እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 20 ቀን 2025 ጀምሮ ያመለከተ ሰው ግን በአዲሱ ነው የሚፈተነው፤ ጥያቄዎቹ 128፣ የሚጠየቀው እስከ 20፣ ማለፊያው 12 ሆኗል። ከዚህ ሌላ በእንግሊዝኛ አንድ ዓረፍተ ነገር ማንበብና አንድ መጻፍ አለ። የወደቀ ሰው በወደቀበት ክፍል ብቻ ከ60 እስከ 90 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ እንደገና ይፈተናል።

በአማርኛ የማጥናቱ ነገር የመጣው በእማማ ምክንያት ነው። እማማ የምንላቸው በሱዳን በኩል ተሰደው የመጡ፣ ሁላችንንም በየስማችን የሚያውቁን የሰበካችን እናት ናቸው። ዕድሜያቸው ከ65፣ ግሪን ካርዳቸውም ከ20 ዓመት ስላለፈ ሕጉ ያግዛቸዋል፤ የሚያጠኑት የተለዩ 20 ጥያቄዎችን ብቻ ነው፣ የሚፈተኑትም በአስተርጓሚ፣ በአማርኛ ነው። ዕድሜው 50 ሆኖ የ20 ዓመት፣ ወይም 55 ሆኖ የ15 ዓመት ግሪን ካርድ ያለውም ከእንግሊዝኛው ነፃ ነው፤ የመንግሥትና የታሪክ ጥያቄዎቹን ግን ሙሉውን ያጠናል። ይህን ባለማወቅ፣ ቋንቋውን በመፍራት ብቻ ሳያመለክቱ ዓመታት የሚያልፏቸው እናቶችና አባቶች መኖራቸው በጣም ያሳዝነኛል። እባካችሁ ለወላጆቻችሁ ንገሯቸው። እማማ «አንተ ልጅ፣ ለራስህ ስታጠና ለኔም አሰማኝ» አሉኝና እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ሻይ ይዘን መቀመጥ ጀመርን።

ለሳቸው ለማስረዳት ስል ጥያቄዎቹን በተራ ቁጥር መከተሉን ተውኩና ስለ መንግሥት አወቃቀር የሚጠይቁትን ሁሉ «ማን ማንን ያስቆማል?» በሚል አንድ ጥያቄ ሥር ሰበሰብኳቸው። ወረቀት ላይ ሦስት ክብ ሣልኩ፤ ሕግ አውጪው ኮንግረስ፣ ሕግ አስፈጻሚው ፕሬዚዳንት፣ ሕግ ተርጓሚው ፍርድ ቤት። ከኮንግረስ ወደ ፕሬዚዳንቱ ቀስት ሳሰምር እማማ ጣታቸውን ቀስቱ ላይ አሳረፉ።

«ሕጉን ካልወደደውስ?»

«አልፈርምም ብሎ ይመልሰዋል። ቪቶ ይባላል።»

«በቃ፣ ቀረ?»

«አይቀርም እማማ። ሁለቱም ምክር ቤቶች፣ የተወካዮቹም ሴኔቱም፣ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ እንደገና ካጸደቁት ያለ ፊርማው ሕግ ይሆናል።»

«ሁሉም ተስማምተው ጥፋት ቢያጠፉስ?»

ወደ ሦስተኛው ክብ ወሰድኳቸው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1803 ማርበሪና ማዲሰን በተባለው ክርክር ከሕገ መንግሥቱ ጋር የሚጋጭ ሕግ ተፈጻሚ አይሆንም ብሎ ወስኗል። ዳኞቹን ደግሞ ፕሬዚዳንቱ ያጫል፣ ሴኔቱ ያጸድቃል። እማማ ቀስቶቹን በጣታቸው እየተከተሉ ዞረው ኮንግረስ ላይ ሲደርሱ «እንግዲያው ከበላዩ ሌላ የሌለበት የለም» አሉ። «አንዱ የመንግሥት ክፍል ከልክ በላይ እንዳይበረታ የሚያግደው ምንድን ነው?» የሚለውን የፈተና ጥያቄ ከዚያ ወዲህ ማስታወስ አላስፈለገኝም። ቁጥሮቹም ያኔ ቦታ ቦታቸውን ያዙ፤ 435 ተወካዮች በየሁለት ዓመቱ፣ 100 ሴናተሮች ለስድስት ስድስት ዓመት፣ ፕሬዚዳንቱ ለአራት፣ ዘጠኙ ዳኞች ደግሞ ለዕድሜ ልክ።

ሌላው ያገዘኝ የራሳችን አገር ነው። ትምህርት ቤት ሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር የተማርን ሰዎች ባዶ እጃችንን አልመጣንም፤ የሕግ የበላይነት ምን እንደሆነ አውቀነው የመጣነው ከዚያው ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ነገር ከማውቀው ጋር አስተያየሁት። በኢትዮጵያ ጠቅላይ ሚኒስትሩ የሚመረጠው ከሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት መካከል ነው፤ እዚህ ፕሬዚዳንቱ ከኮንግረስ ተለይቶ ይመረጣል። በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥትን የመተርጎም ሥልጣን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፤ እዚህ የፍርድ ቤት ነው። ልዩነቱን ካወቁት አሜሪካኖቹ ስለ ፍርድ ቤት ነፃነት ለምን ያን ያህል እንደሚጨነቁ ይገባል፤ የመጨረሻውን ትርጉም የሚሰጡት እነዚያ ዳኞች ናቸውና።

እማማ ግን ከኔ የበለጠ ያዩት አለ። በእኛ አቆጣጠር የ1948ቱን የተሻሻለ ሕገ መንግሥት በንጉሡ ዘመን ኖረውበታል፤ ደርግ በ1967 መስከረም ላይ ሲሽረው አዲስ አበባ ነበሩ። ከዚያ በ1979 በሕዝበ ውሳኔ የጸደቀው መጣ፤ እሱም ከመንግሥቱ ጋር ወደቀ። አሁን ያለው የጸደቀው በ1987 ነው። የአሜሪካው እ.ኤ.አ. በ1787 ፊላደልፊያ ላይ ተጽፎ ዛሬም ያው መሆኑን ስነግራቸው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ «መንግሥት በተለወጠ ቁጥር አዲስ አይጽፉም?» ብለው ጠየቁኝ። አይጽፉም፤ ያሻሽሉታል። ማሻሻያው ደግሞ ቀላል አይደለም፤ በሁለቱም ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛ፣ ከዚያም ከ50ው ግዛቶች 38ቱ መስማማት አለባቸው። እስካሁን የተሳካው 27 ጊዜ ብቻ ነው።

27ቱን ማሻሻያዎች ፈተናው በቁጥርና በጥቂት ጥያቄ ያልፋቸዋል። እኔ ግን ከሁሉም የወደድኩት ይህን ክፍል ነው፤ ማን ውጭ ቀርቶ እንደነበረና ማን ታግሎ እንደገባ በተራ የሚነግር ታሪክ ነውና። የ1787ቱ ሰነድ ባርነትን አልከለከለም፤ እንዲያውም ለውክልና ሲቆጠር ባሪያ የተደረገው ሰው ሦስት አምስተኛ ሆኖ እንዲቆጠር ደንግጓል። የመጀመሪያዎቹ አሥር ማሻሻያዎች፣ የመብቶች ሰነድ የሚባሉት፣ በ1791 ሲጸድቁ የመናገር፣ የማምለክ፣ የመሰብሰብ ነፃነት ተጻፈ፤ በባርነት ለተያዘው ሰው ግን ምንም አልደረሰውም። 13ኛው በ1865 ባርነትን አስቀረ። 14ኛው በ1868 እዚህ የተወለደውንም ዜግነት በሕግ ያገኘውንም እኩል ዜጋ አደረገ። 15ኛው በ1870 ጥቁር ወንዶች በዘራቸው ምክንያት ከምርጫ እንዳይከለከሉ አዘዘ፤ ሆኖም በደቡብ ግዛቶች ለመምረጥ በሚከፈል ግብር እና በንባብ ፈተና ወደ ኋላ ተመለሱ። ሴቶች በ19ኛው፣ በ1920 ገቡ። ለፌዴራል ምርጫ ግብር ማስከፈል በ24ኛው፣ በ1964 ቀረ፤ የ18 ዓመት ወጣቶች በ26ኛው፣ በ1971 ገቡ። እኛ ጥቁር ስደተኞች ዛሬ እጃችንን አንሥተን ዜጋ የምንሆነው እነዚያ ሰዎች በከፈሉት ዋጋ ነው። ይህን ሳያውቁ መማል ይከብደኛል።

27ኛውን ለማስታወስ ደግሞ ታሪኩ ይበቃል። ስለ ኮንግረስ አባላት ደመወዝ በ1789 ቀርቦ ተረስቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1982 አንድ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ አሁንም ሊጸድቅ ይችላል ብሎ ጽሑፍ ሲያቀርብ ያገኘው ውጤት ሲ (C) ነው። ተማሪው ግን ለየግዛቱ ደብዳቤ እየጻፈ ዘመቻውን ቀጠለበት፤ ማሻሻያው በ1992 ጸደቀ።

ወደ መብቶች ስንመጣ ፈተናው ሁለት ነገሮችን ለይቶ ይጠይቃል፤ እዚህ አገር የሚኖር ሰው ሁሉ ያለው መብትና የዜጋ ብቻ የሆነው። ለብዙዎቻችን ከሁሉ የሚጠቅመው ይህ ነው፤ ምክንያቱም የመጀመሪያው ዝርዝር ፓስፖርት አይጠብቅም። ፖሊስ ሲይዝህ ዝም የማለት መብት ግሪን ካርድም ኖረህ አልኖረህ ያንተ ነው፤ ያን መብት ፖሊስ ከምርመራ በፊት እንዲነግርህ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1966 በሚራንዳ ጉዳይ ወስኗል። ቤትህ እንዳይፈተሽ አራተኛው ማሻሻያ ይጠብቅሃል፤ ጥቂት አስቸኳይ ሁኔታዎች ካልሆኑ በቀር ያለ ፈቃድህ ለመግባት ዳኛ የፈረመው ማዘዣ ያስፈልጋል። የኢትዮጵያም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው ላለመናገር መብት እንዳለውና በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ እንዳለበት ይደነግጋል። እዚያም ሆነ እዚህ መብቱን የማያውቅ ሰው መጠየቅ ስለማይችል በጽሑፍ መኖሩ ብቻ አያድነውም።

የዜጋ ብቻ ከሆነው ዋናው በፌዴራል ምርጫ መምረጥ ነው። «ፌዴራል» ያሉት ያለ ነገር አይደለም። ከሲልቨር ስፕሪንግ አጠገብ ያለችው ታኮማ ፓርክ ዜጋ ያልሆነ ነዋሪዋን ለከተማ ምክር ቤት ታስመርጣለች፣ የ16 ዓመት ልጆችንም እንዲሁ። ከከተማው ምርጫ አልፎ ለፕሬዚዳንት ወይም ለኮንግረስ ድምፅ መስጠት ግን ግሪን ካርድ ላለው ሰው ከባድ አደጋ ነው፤ ዜግነት ሊያስከለክል፣ ከአገር ሊያስወጣ ይችላል። መንጃ ፈቃድ ስታወጡ «ለምርጫ ልመዝግብህ?» የሚል ጥያቄ አለ። ዜጋ ካልሆናችሁ አይ በሉ፣ ያልገባችሁን ወረቀት አትፈርሙ። ኤን 400 ላይ «ለምርጫ ተመዝግበህ ታውቃለህ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ እዚያ ሲደርሱ የሚደነግጡ ሰዎች አሉ።

የቀረው ሽምደዳ ነው፤ የገዥው ስም፣ የሁለቱ ሴናተሮች ስም፣ የበዓላት ቀን። ስሞቹ ስለሚለዋወጡ ከኢንተርቪው በፊት አጣሩ። ዲሲ የምትኖሩ «ዲሲ ሴናተር የላትም» ነው መልሱ፤ የመኪና ታርጋቸው ላይ «ያለ ውክልና ግብር ማስከፈል ይቁም» የሚል የተጻፈው ለዚህ ነው። እንግሊዝኛውን እኔ የማታ ሥራዬ ላይ፣ ፓርኪንግ ዳሱ ውስጥ ድምፄን አውጥቼ ነው የተለማመድኩት። ሐሳቡ ገብቶኝ ስለነበር ቃሉ ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ።

በኢንተርቪው ቀን ኦፊሰሯ ቀኝ እጄን አስነሥታ አስማለችኝ፣ ፓስፖርቴንና ግሪን ካርዴን ተቀበለች። «የሕግ የበላይነት ምንድን ነው?» ስትለኝ «መሪዎችም መንግሥትም ለሕግ ይገዛሉ» አልኳት፤ ከመጽሐፉ ሳይሆን ከእማማ ጋር ካወራነው ነበር የመጣልኝ። ስድስተኛውን ስመልስ ጥያቄው ቆመ። ረጅሙ ክፍል ከዚያ በኋላ ያለው ነበር፤ ፎርሙን ገጽ በገጽ እያገላበጠች ሕገ መንግሥቱን ትደግፋለህ ወይ፣ የቃለ መሐላውን ትርጉም ትረዳለህ ወይ አለችኝ፤ ትርጉሙንም በራሴ አነጋገር እንዳስረዳ ጠየቀችኝ። በቃል ብቻ ያጠና ሰው እዚህ ጋ ሊቸገር ይችላል። በአዲሱ ፈተናማ «ለምን» የሚሉ ጥያቄዎች ስላሉ፣ ለምሳሌ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች ለምን ዕድሜ ልክ ያገለግላሉ የሚል፣ መረዳቱ ይበልጥ ያስፈልጋል። እማማም በአስተርጓሚ ተፈትነው አልፈዋል።

ቃለ መሐላው ለኔ ከባድ ነበር። ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነት አትፈቅድም፤ በአዋጅ 378/1996 መሠረት የሌላ አገር ዜግነት በፈቃዱ የወሰደ ሰው ኢትዮጵያዊነቱን ያጣል። ቢጫ ካርድ የሚባለውን የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ አውጥቻለሁ፤ ያለ ቪዛ ያስገባል፣ ለመኖርና ለመሥራት ፈቃድ አይጠየቅበትም፣ መምረጥና መመረጥ ግን አይቻልም። አሁን በተወለድኩበት አገር የኔ ቦታ ግሪን ካርድ የያዘ ሰው እዚህ ካለው ቦታ ጋር ይቀራረባል። ይህን ከማመልከታችሁ በፊት ከቤተሰብ ጋር ተቀምጣችሁ ምከሩበት።

ዜጋ ከሆንኩ በኋላ የጁሪ ጥሪ፣ ማለትም ተራ ዜጎች ፍርድ ቤት ተቀምጠው በክርክሩ ላይ እንዲወስኑ የሚጠሩበት ደብዳቤ፣ በፖስታ መጣልኝ። ብዙ ሰው ይህን ደብዳቤ እንደ ማስታወቂያ ይጥለዋል፤ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ስለሆነ መጣል አይገባም። ሄድኩ፤ ዳኛዋ ተከሳሹ ንጹሕ ሆኖ እንደሚገመት፣ ምንም የማስረዳት ግዴታ እንደሌለበትና ባይናገር እንደ ጥፋት ልንቆጥርበት እንደማይገባ አስረዱን። ከተመረጡት አሥራ ሁለት ሰዎች አንዱ ሆኜ ክርክሩን እስከ ውሳኔው ሰማሁ።