ስልኩ ትልቅ ነው፤ ወርዱስ?

ጅማ፣ ቅዳሜ ማታ

ሂርማታ ካሉት ስልክ ቤቶች ደጃፍ ሩብ ሰዓት የቆመ ሰው አንዲት ጥያቄ ደጋግማ ጆሮው ትገባለች፦ «ስክሪኑ ስንት ነው?» ገና ዋጋ ሳይጠየቅ፣ ስለ ካሜራውም ሳይወራ። ሻጩ አይዘገይም፤ «ስድስት ነጥብ ሰባት» ይላል። መልሱ ውሸት የለበትም። ገዢው ሊያውቅ የፈለገውን ግን አልነገረውም፤ ነገሩ ስለሚከነክነኝ ዛሬ ቁጭ ብዬ ልጻፈው።

ኢንቹ የሚለካው ከአንዱ ጥግ ወደ ተቃራኒው ጥግ፣ በሰያፍ ነው። የድሮዎቹ ስልኮች ስክሪን ቁመቱ ከወርዱ ጋር ሲነጻጸር 16 በ9 ነበር፤ የዛሬዎቹ አብዛኞቹ 20 በ9 ወይም ለዚያ የቀረቡ ናቸው። ይህ ማለት ስልኩ ያደገው ወደ ላይ ነው። ባለ 5.5 ኢንቹ የ16 በ9 ስክሪን ወርዱ 68.5 ሚሊ ሜትር ግድም ነው። ባለ 6.5 ኢንቹ የ20 በ9 ስክሪን ደግሞ 67.8። አንድ ሙሉ ኢንች ተጨምሮበት ወርዱ እንዲያውም ለጥቂት ቀንሷል፤ ቁመቱ ግን ከ122 ወደ 151 ሚሊ ሜትር ሄዷል።

ድራማና ፊልም ለማየት ብሎ ትልቅ ስልክ የሚገዛ ሰው ይህን ቢያውቅ ደስ ይለኛል። ዩቲዩብ ላይ ያለው አብዛኛው ቪዲዮ 16 በ9 ነው። ባለ 6.5 ኢንቹን ስልክ አጋድመው ሲከፍቱት ቪዲዮው የሚይዘው 5.4 ኢንች ያህል ብቻ ነው፤ ግራና ቀኙ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። በሁለት ጣት ጎትተው ቢያሰፉት ስክሪኑ ይሞላል፤ የሰውየው አናትና ከታች ያለው ጽሑፍ ግን ይቆረጣል። የድሮውን ባለ 5.5 ኢንች ስልክ ጥሎ ለፊልም ሲል 6.5 የገዛ ሰው፣ በፊልሙ በኩል ያገኘው ምንም የለም። ቁመቱ የሚጠቅመው ሌላ ቦታ ነው፦ ቴሌግራም ላይ ኪቦርዱ ተከፍቶ እያለ ከበላዩ ያሉት መልእክቶች አይጠፉም፤ ረጅም ጽሑፍም ቶሎ ቶሎ ሳይገፉት ይነበባል።

ታዲያ ሰው ለምን ትልቅ ይፈልጋል? ለጉራ ነው የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። እዚህ ከተማ ለብዙ ቤት ስልኩ ቴሌቪዥኑም፣ ኮምፒውተሩም፣ የባንክ ደብተሩም ነው። ላፕቶፕ ያለው ሰው ስልኩ ትንሽ ቢሆን ግድ የለውም፤ ዓይን የሚያደክመውን ሥራ ወደዚያ ይወስደዋል። የሚወስድበት የሌለው ግን ሁሉንም እዚያችው መስታወት ላይ ነው የሚጨርሰው።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪን እንውሰድ። ዋናው ግቢ ውስጥ ሃንድአውት የሚመጣው በፒዲኤፍ፣ በቴሌግራም ነው። ያ ገጽ ኤ4 ነው፤ ወርዱ 210 ሚሊ ሜትር። 68 ሚሊ ሜትር ላይ ሲጨመቅ መጠኑ 12 ነጥብ (ፖይንት) የነበረው ፊደል 4 ነጥብ እንኳ አይሞላም። ስልኩን አጋድሞ ሲያነበው ግን ያው ፊደል 8.6 ነጥብ ያህል ይሆናል፤ ከጋዜጣ ፊደል ብዙም አያንስም። ቁመቱ ዋጋ የሚያወጣው እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። ስልኩ ሲጋደም ስክሪኑ እንዲዞር መክፈትን አለመርሳት ነው፤ ብዙ ሰው ዘግቶት ይረሳውና ዓይኔ ደከመ ይላል።

ከዚያ የጥራቱ ጉዳይ አለ። ርካሾቹ ትልልቅ ስልኮች «ኤችዲ ፕላስ» ይባላሉ፤ ስክሪናቸው 720 በ1600 ነጥብ (ፒክስል) ነው። በ6.5 ኢንች ላይ ሲዘረጋ በአንድ ኢንች 270 ነጥብ ይደርሳል። «ፉል ኤችዲ ፕላስ» የሚባለው 1080 በ2400 ሲሆን 405 ይደርሳል። ለላቲን ፊደል 270 ችግር የለውም። የእኛ ፊደል ግን ልዩነቱን እግሩ ላይ ነው የሚሸከመው። «ቢ» እና «ቤ»ን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው፦ አንዷ ቀኝ እግሯ ላይ ትንሽ ሰረዝ፣ ሌላዋ ትንሽ ቀለበት አላት። ፊደሉ ሲያንስና ነጥቡ ሲሳሳ የቀለበቷ ቀዳዳ ይደፈንና ሰረዝ ትመስላለች። «ኪ»ና «ኬ»ም እንደዚያው። በተለይ በስካነር ተነሥቶ ፒዲኤፍ የሆነ የአማርኛ ወረቀት ላይ ይብሳል። ስለዚህ በዚያው ዋጋ ከ6.8 ኢንች ኤችዲና ከ6.4 ኢንች ፉል ኤችዲ አንዱን ምረጡ ቢሉኝ፣ ብዙ ለሚያነብ ሰው ትንሹን እመክራለሁ። ለመፈተን ቀላል ነው፤ ቴሌግራም ላይ አንድ የአማርኛ ፒዲኤፍ አስቀምጦ መሄድና ሁለቱም ስልኮች ላይ ሳያሰፉ መክፈት።

ለመጻፍም ወርዱ ነው ወሳኙ። 10 ቁልፍ በአንድ ረድፍ ሲደረደር 68 ሚሊ ሜትር ላይ እያንዳንዱ 6.8 ሚሊ ሜትር ይደርሰዋል። የመጀመሪያው አይፎን ስክሪን 3.5 ኢንች ስለነበር 5 እንኳ አይሞላም ነበር። ጅማ ውስጥ ደግሞ ሰው ባንድ ቀን በቁቤም (ኦሮምኛ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል) በእኛ ፊደልም ይጽፋል፤ ቁቤ አናባቢው እየተደገመ ቃሉ ይረዝማል፣ ፊደሉ ደግሞ ቁልፍ ያበዛል። አውራ ጣቱ ወፈር ላለ ሰው ጠባብ ኪቦርድ ላይ ሁለቱም ስቃይ ነው።

የቡና ነጋዴውም ትልቅ ስክሪን ቢፈልግ ምክንያት አለው። ከጎማ ወረዳ ወይም ከሊሙ የጀንፈል (ከነገለባው የደረቀ ቡና) ፎቶ ይላክለታል፤ አሰፍቶ ፍሬውን ማየት ይፈልጋል። ነገር ግን ፎቶው እንደ ተራ ፎቶ ከተላከ ቴሌግራም ይጨምቀዋል፤ የተጨመቀ ፎቶ ደግሞ በየትኛውም ስክሪን ላይ ቢሰፋ ይደበዝዛል። ላኪው በፋይል መልክ እንዲልከው መንገር ከስልክ ለውጥ ይረክሳል።

ባትሪውን ባጭሩ፦ ሰፊ አካል ሰፊ ባትሪ ይይዛል። ባለ 5000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ባትሪ መብራት ጠፍቶ ለሚያድር ሰፈር ትልቅ ነገር ነው፤ አንዳንዱ ገዢ ትልቅ ስክሪን ሲል የሚፈልገው እሱን ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጉዳይ ልምጣ፤ ከአንድሮይድ ወደ አይፎን፣ ከአይፎን ወደ አንድሮይድ መሻገር። ድሮ ሰውን የሚያሻግረው ስክሪኑ ነበር። ሳምሰንግ እ.ኤ.አ. በ2011 ባለ 5.3 ኢንቹን ጋላክሲ ኖት ሲያወጣ አይፎን ገና 3.5 ላይ ነበር፤ በ2012 ወደ 4 ከፍ አለ። ሰፊ ስልክ የፈለገ ሰው አይፎኑን ከመተው ሌላ ምርጫ አልነበረውም። በ2014 አይፎን 6 ፕላስ በ5.5 ኢንች ሲመጣ ያ ምክንያት ከሥሩ ተነቀለ። አፕል በ2020 እና በ2021 ባለ 5.4 ኢንች «ሚኒ» አውጥቶ ነበር፤ በ2022 ቦታውን ለባለ 6.7 ኢንቹ ፕላስ ለቀቀ። ትንሽ ስልክ የሚወዱ አሉ፤ ገበያውን ለማቆየት ግን አልበቁም። ዛሬ ሁለቱም ጋ ትልቅ ስላለ የሚሻገር ሰው የሚሻገረው በሌላ ምክንያት ነው።

እዚህ ዋናው ምክንያት ዘመድ ነው። ከአሜሪካ አይፎን ይላካል፤ የተላከ ደግሞ አይመለስም። ግን ከመላኩ በፊት አንድ ነገር መጠየቅ አለበት። አሜሪካ ውስጥ የሚሸጡት ከአይፎን 14 ጀምሮ ያሉት የሲም መክተቻ የላቸውም፤ የሚሠሩት በኢሲም (ካርድ ሳይገባ ስልኩ ውስጥ በተሠራ ሲም) ብቻ ነው። ፕላስቲኩን ሲም ይዞ የሚጠብቅ ሰው የሚያስገባበት ቀዳዳ አያገኝም። ሌላ አገር የሚሸጡት አብዛኞቹ አንድ ሲምና ኢሲም ይይዛሉ፤ ሁለት ፕላስቲክ ሲም የሚይዙት ለቻይና፣ ለሆንግ ኮንግና ለማካው የተሠሩት ናቸው። ሁለቱንም ኔትወርክ ባንድ ስልክ ለለመደ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። አንዳንዱ ወደ አንድሮይድ የሚመለሰው በሌላ በምንም ሳይሆን በዚሁ ነው።

ሌላው የሚመልሰው የፎቶ ማስቀመጫው ነው። አይፎን ሜሞሪ ካርድ አይቀበልም፤ ባለ 64 ጊጋው ቶሎ ይሞላል። አፕል በነጻ የሚሰጠው ማስቀመጫ 5 ጊጋ፣ ጉግል የሚሰጠው 15 ነው፤ ለመጨመር ደግሞ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ይጠይቃል። ፎቶ ኮፒ ቤት ሄዶ «ፎቶህ አይከፈትም» የሚባልም አለ፤ አይፎን ፎቶውን የሚያስቀምጠው ሂክ (HEIC) በሚባል የፋይል ዓይነት ስለሆነ ነው። ሴቲንግ ውስጥ ካሜራ፣ ከዚያ ፎርማት ገብቶ ከሁሉ ጋር የሚስማማውን ከመረጡ በኋላ የሚነሣው ፎቶ ጄፔግ ይሆናል። የድሮዎቹ ግን እንደነበሩ ይቀራሉ።

መሻገሩ ራሱ የሚበላሸው ሱቁ ውስጥ፣ በደግነት ነው። ሻጩ «እናቴ፣ እኔ ልክፈትልዎት» ይልና አይፎኑን እስከ መጨረሻው አዘጋጅቶ ይሰጣል። ሙቭ ቱ አይኦኤስ የሚባለው የአፕል ማሻገሪያ ግን ከአዲሱ ስልክ መክፈቻ ላይ ነው የሚጀመረው። ዋትስአፕ አንድሮይድ ላይ የሚያስቀምጠው ጉግል ጋ፣ አይፎን ላይ ደግሞ አይክላውድ ውስጥ ነው፤ አንዱ የሌላውን አያነብም። ልጇ ቤይሩት ወይም ሪያድ ያለች እናት የዓመታት የድምፅ መልእክቷ ዋትስአፕ ውስጥ ነው። ሻጩ አዘጋጅቶ ከጨረሰው ያንን ለማምጣት አይፎኑን እንደገና ፎርማት ማድረግ ያስፈልጋል። ስለዚህ ሱቁ ውስጥ ስልኩ እንደሚበራ፣ አይክላውድ ሎክ (በቀድሞ ባለቤት አካውንት መቆለፍ) እንደሌለበትና መክፈቻው ገጽ ላይ ያለችው «i» ስትነካ የሚወጣው የስልኩ መለያ ቁጥር (IMEI) ከካርቶኑ ጋር አንድ መሆኑን ማየት፤ ከዚያ አጥፍቶ፣ መክፈቻው ላይ እንዳለ ወደ ቤት መውሰድ።

ቤት ውስጥ ሁለቱንም ስልክ ቻርጀር ላይ መሰካት። አይፎኑ ከአንድሮይድ ዳታ አምጣ የሚለው ጋ ሲደርስ ኮድ ያወጣል፤ ኮዱን አንድሮይዱ ላይ ባለው ማሻገሪያ መጻፍ። መሀል ላይ የሚቋረጠው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው፦ አይፎኑ ለማሻገሪያ የሚፈጥረው ዋይፋይ ኢንተርኔት ስለሌለው አንድሮይዱ «ይሄ አይሠራም» ብሎ ራሱ ወደ ዳታ ይመለሳል። ዳታውን ማጥፋት ነው መድኃኒቱ። እስኪያልቅ ሌላ አፕ አለመክፈት፣ ስልክ ቢደወልም አለማንሳት። ዋትስአፑ ላይ ቁጥሩ ያው የድሮው መሆን አለበት። ሙዚቃና የተጠራቀመ ፒዲኤፍ በዚህ መንገድ ይመጣል ብሎ አለመተማመን፤ ቴሌግራም ላይ ለራስ ልኮ ማስቀመጥ ይሻላል።

ስልክ ቁጥሮች ሲም ላይ ካሉ ቀድሞ ወደ ጉግል አካውንት ማዛወር ነው። ሲም ላይ ለስም የተሰጠው ቦታ ጠባብ ነው፤ የእኛ ፊደል ደግሞ ከላቲኑ የበለጠ ስለሚወስድ ረዘም ያለ ስም መሀሉ ላይ ይቆረጣል። ከአይፎን ለሚወጣ ሰው ደግሞ ሲሙ ገና አይፎኑ ውስጥ እያለ አይሜሴጅን (የአፕልን መልእክት መላኪያ) መዝጋት ያስፈልጋል፤ ካልዘጋው ውጭ ያሉ የአይፎን ዘመዶቹ የሚልኩት መልእክት አዲሱ ስልክ ጋ ሳይደርስ ሊቀር ይችላል።

ቴሌግራም ቀላሉ ነው፤ ሁሉም ነገር እዚያው ሰርቨሩ ላይ አለ፤ ሚስጥራዊ ቻት ብቻ ከስልኩ ጋር ይቀራል። መግቢያ ኮዱ ግን የሚመጣው የድሮው ስልክ ላይ ወዳለው ቴሌግራም ስለሆነ አዲሱ ላይ ሳይገቡ አሮጌውን መንካት የለም። የባንክ አፖችም እንዲሁ፤ ብዙዎቹ አዲስ ስልክ ላይ እንደገና ማረጋገጫ ይጠይቃሉ። ቴሌብር በ*127# ስለሚሠራ መሀል ላይ ብር የሚያስፈልገው ሰው አይቸገርም።

አሮጌውን ስልክ ለሳምንት ያህል ሳይሸጡ ማቆየት ደግ ነው። ሲሸጥ መጀመሪያ የጉግሉን አካውንት ከሴቲንግ ማስወጣት፣ ፎርማት ከዚያ በኋላ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ገዢው አጋሮ ደርሶ ሲከፍተው የቀድሞውን ባለቤት ጂሜልና የይለፍ ቃል ሊጠይቀው ይችላል፤ ያን ጊዜ ይለፍ ቃልን ለማያውቁት ሰው በስልክ መንገር ይመጣል። ፎርማቱ ካለቀ በኋላ አብርቶ፣ ቋንቋ ምረጥ የሚለውን አልፎ፣ የቀድሞውን አካውንት ሳይጠይቅ መከፈቱን አይቶ ማስረከብ።