ለእንግዴ ልጅ ያደርኩባቸው ሌሊቶች

ለማስተርስ ጥናቴ የላም እንግዴ ልጅ ያስፈልገኝ ነበር። ውስጡ የትኛው ጂን እየሠራ እንደሆነ፣ የትኛው እንደተኛ ማየት ፈልጌ ነው። ሱሉልታ ዲቃላ ላም የሚያረቡ ሰዎችን አነጋግሬ ተስማማን።

የመጀመሪያዎቹን አራት ናሙናዎች ጣልኳቸው። ላሟ ሌሊት ትወልዳለች፣ እንግዴ ልጁ ሲነጋጋ ይወርዳል፣ እኔ ረፋድ ላይ እደርሳለሁ። ላብራቶሪ ሲታይ አርኤንኤው፣ ማለትም ጂን ሲሠራ የሚያወጣው መልእክት፣ ብትንትኑ ወጥቷል። ዲኤንኤ ይችላል፤ አርኤንኤ ግን ቲሹው ደም ካጣበት ደቂቃ ጀምሮ ይበላሻል። በጤነኛ ላም እንኳ እንግዴ ልጅ እስኪወርድ 12 ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። እስኪወርድ ጠብቄ የምወስደው የሞተ ነገር ነበር።

ስለዚህ በረት ማደር ጀመርኩ። የሱሉልታ ብርድ አጥንት ይገባል። ባለላሟ እማማ ጋቢና ትኩስ ወተት ይዘውልኝ መጡ።

«ልጄ፣ ይኼን ምን ልታደርግበት ነው?»

ጥጃዋ እንደወጣች የእንስሳት ሐኪሙ እጁን አስገብቶ እንግዴ ልጁ ከማህፀኑ ጋር ከሚያያዝባቸው እንደ ልብስ ቁልፍ ካሉ እብጠቶች አንዷን አላቀቀ። በባትሪ አሳየኋቸው፤ ጥቁር ቀይ፣ እንደ ከፋይ የለሰለሰች። የሰው እንግዴ ልጅ አንድ ወጥ ነው። የላም ግን እንዲህ ያሉ 100 ያህል ቁልፎች አሉት፤ እናትና ጽንስ የሚገናኙት እዚያ ላይ ነው። የእናትን የበሽታ መከላከያ ለጽንሱ እንደማያሳልፍም ነገርኳቸው። እሳቸው እንገር ያልጠባ ጥጃ እንደማይበረክት ከእኔ በፊት ያውቃሉ።

ናሙናውን እዚያው ቆራርጬ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ከተትኩ። አርኤንኤው ደህና ወጣ።

ሌላው ስህተቴ ፕራይመሩ ላይ ነበር፤ የምፈልገውን ጂን ለይቶ እንዲይዝ የሚታዘዝ አጭር የዲኤንኤ ቁራጭ ነው። ፒኤጂ የሚባሉት የእርግዝና ፕሮቲኖች ጂኖች ጨጓራ ውስጥ ምግብ የሚፈጨው የፔፕሲን ጂን ዘመዶች ናቸው። እየተባዙ መጥተው ላም ውስጥ 20 ያህል ደርሰዋል፤ ስለሚመሳሰሉም የእኔ ፕራይመር ብዙዎቹን አንድ ላይ ያዘ። የላም ጂኖም በ2009 ታትሟል፤ ቅጂዎቹን ጎን ለጎን አስቀምጬ ማየት የነበረብኝ ከማዘዜ በፊት ነው። በጣም የገረመኝ ግን ላክቶጅን ነው። የላም እንግዴ ልጅ ይህን ሆርሞን ያገኘው ወተት እንዲመረት ከሚያደርገው ከፕሮላክቲን ሆርሞን ጂን ብዜት ነው፤ የሰው ደግሞ ከእድገት ሆርሞን ጂን። ሁለቱም ለየብቻቸው እዚያው ደረሱ!

አዲሱን ፕራይመር ቅጂዎቹ የሚለያዩበት ቦታ ላይ ሠራሁት። የዲኤንኤ ቁራጮች በመጠን የሚለዩበት ጄል ላይ አንድ ጥርት ያለ መስመር ወጣ። የእማማ ሁለተኛዋ ላም ግንቦት ላይ ትወልዳለች፤ ጋቢውን እንዳልመልስ ነግረውኛል።