ዕረፍት ፍለጋ ወደ ድሬ

«ፍልውሃ አፍንጫሽ ሥር እያለ በረሃ ምን ያስኬድሻል?» አለችኝ የሥራ ባልደረባዬ። ውሸቷን አይደለም። ቢሮዬ ስታዲየም አካባቢ ስለሆነ ፍልውሃ በእግር ይደረሳል። አዲስ አበባም ብትሆን በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው እቴጌ ጣይቱ ይህን ፍል ውሃ ወደውት ነው። እስቲ ልሞክረው ብዬ አንድ ቅዳሜ ሄጄ ትኬት ቆረጥኩና ተራዬን ጠበቅኩ። ውሃው አጥንት ድረስ ይዘልቃል፤ በዚህ አልከራከርም። ችግሩ ከወጡ በኋላ ነው። ቁፋሮው፣ ጡሩምባው፣ የረዳት ጩኸት። ስታዲየም ሳልደርስ ትከሻዬ እንደገና ተወጠረ። ለዓመት ያህል የዋጥኩት የካዛንቺስ አቧራም ሳይነሴን ቀስቅሶታል።

ስለዚህ ሞቅ ያለ፣ ሰው የማይሯሯጥበት ቦታ መፈለግ ጀመርኩ። መጀመሪያ ልቤ ያረፈው አዋሽ ፓርክ ውስጥ ያለው ፍልውሃ ላይ ነበር። ዘንባባው፣ ጥርት ያለው ውሃ፣ በፎቶ ልብ ይሰርቃል። ግን በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ እዚያው አካባቢ ባሉት ፈንታሌና ዶፈን በሚባሉ እሳተ ገሞራዎች ዙሪያ መሬት ደጋግሞ ሲንቀጠቀጥ፣ እኔ ካዛንቺስ ፎቅ ላይ አልጋዬ ሲወዛወዝ በነጠላ ደረጃ የወረድኩ ሰው ነኝ። ለመዝናናት ብዬ እሳተ ገሞራ ሥር አልተኛም። ድሬዳዋ ተመረጠች። ከአዲስ አበባ ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች፤ ጥር ላይ ደግሞ ሙቀቷ ሰው አይገድልም።

በባቡር ልሂድ አልኩ። እዚህ ላይ ትንሽ ልናደድ። ለገሃር፣ አሮጌው ጣቢያ፣ የይሁዳ አንበሳ የቆመበት፣ ከቢሮዬ ቅርብ ነው። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። በ2010 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው አዲሱ ባቡር ግን መንገደኛ የሚጭነው ከከተማው ዳር፣ ለቡ ነው። ባቡር ጣቢያ አጠገብ እየዋልኩ ባቡር ለመሳፈር በሌሊት ተነስቼ ለታክሲ 600 ብር ከፈልኩ! ከዚያ ሰልፍ፣ ከዚያ ፍተሻ። ጉዞው ራሱ? ተኛሁ። መተሐራ ላይ የበሰቃን ሐይቅ ለማየት ነቃሁ፤ ከዚያ ግራር፣ ግመል፣ እንደገና ግራር።

የድሬው አዲሱ ጣቢያም ከከተማው ወጣ ያለ ነው። ባለባጃጁ ሻንጣዬን አየና 700 ብር ጠራ። ከፍዬ ልገላገል ቦርሳዬን ስከፍት፣ ባቡሩ ውስጥ አጠገቤ የነበሩ እናት ደረሱ። «አቦ! እንግዳ ናት ብለህ ነው? ከኔ ጋር ናት!» ብለው ክንዴን ይዘው ሊቀበላቸው የመጣው የእህታቸው ልጅ መኪና ውስጥ ጨመሩኝ። ሆቴሌ በር ላይ አወረዱኝ። ገንዘብ ላውጣ ስል ተቆጡ። አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ቢያጋጥመኝ ቦርሳዬን ጥብቅ አድርጌ ነበር የምይዘው።

ሆቴሉን የመረጥኩት «ስፓ፣ ሳውና፣ ማሳጅ» የሚል ማስታወቂያ አይቼ ነው። ለአንድ ሌሊት 3,200 ብር። የማሳጅ ባለሙያዋ ሠርግ ሄዳለች ተባልኩ። ጥር ነውና ምን ይባላል። የሳውናውን በር ስከፍት የታሸገ ውሃ ካርቶን እስከ ጣሪያው ተደርድሯል። አጎበሩ ጭንቅላት የሚያስገባ ቀዳዳ አለው፤ ትንኟ ግን ሰፊ በር አያስፈልጋትም። ከታች ደግሞ ሙዚቃው እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት አልቆመም። ሲነጋ ሂሳቤን ዘግቼ ወጣሁ።

ከዚራ የሚባለው ሰፈር ውስጥ ዛፍ ያጠላበት ትንሽ ፔንሲዮን አገኘሁ። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የተለየ ነው። ድሬ የድሮው ሐዲድ ሐረር ተራራ ላይ መውጣት ስላቃተው እዚህ ሜዳ ላይ በ1895 ዓ.ም. የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ የከዚራ ጎዳናዎች ቀጥ ያሉ፣ ጥላቸው ብዙ ነው። ጠዋት ፀሐይ ሳትበረታ ከፊራ ገበያ ሄጄ ፓፓያ እገዛለሁ። ስመለስ ሳምቡሳ። የሃያ ዓመት ልጅ «አንቺ፣ ቁጭ በይ እንጂ!» ይለኛል። የመጀመሪያው ቀን ከፋኝ፤ በኋላ ለምጄው «አንተ፣ ሻይ ጨምር» ማለት ጀመርኩ።

ቀትር ላይ ከተማው ይቆማል። ሱቁ ይዘጋል፣ ውሻው እንኳ ጥላ ፈልጎ ይጋደማል። የቤቱ ባለቤት «ምን ትዞሪያለሽ፣ ግቢና ተኚ» ብለው ይገስጹኛል። ካዛንቺስ ብሆን ሰባት ሰዓት ላይ ተኝቼ ያገኘኝ ሰው «አሞሽ ነው?» ወይ «ሥራ ለቀቅሽ?» ነበር የሚለኝ። እዚህ ማንም አይጠይቅም። አስር ሰዓት ገደማ ሁሉም ተነስቶ በር ላይ ይቀመጣል። ጫት የሚቅመው ይቅማል፤ እኔ ሆጃዬን፣ በወተት የፈላ የቡና ገለባ ነው፣ እጠጣለሁ። ሳይነሴ መቼ እንደተወኝ አላውቅም።

የደቻቱን ወንዝ በእግሬ ተሻገርኩ፤ ደረቅ አሸዋ ነው። ይህ አሸዋ በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው መውሰዱን ቆሞ ላየው ሰው ማመን ይከብዳል።

የተመለስኩት በአውሮፕላን ነው። አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ ያንን ሁሉ ሰልፍ ለተሰለፈ ሰው ያበሽቃል።

ለመሄድ ያሰበ ካለ ግንቦትንና ሰኔን ይተው፤ ሙቀቱ አይቻልም። ከኅዳር እስከ ጥር ደህና ነው። ሆቴል በስልክ ስትይዙ ደግሞ «ማሳጅ አለ?» አትበሉ፤ ሁሌም አለ። «ባለሙያዋ ዛሬ ገብታለች?» በሉ። አጎበሩንም ጠይቁ።