ቅዳሜ የጨጓራ ቀን ነው

ሮም የወሰደኝ ሥራ ነው። አምስት ቀን ሥልጠና፣ ከጠዋት እስከ ማታ ስላይድ። የሚያጽናናኝ ቦታው ብቻ ነበር። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት ቅርብ ነው። የአክሱም ሐውልት እ.ኤ.አ. በ1937 ተወስዶ ለአሥርት ዓመታት የቆመበት አደባባይም እዚያው ፊቱ ላይ ነው። ሐውልቱ በ2005 ወደ አገሩ ተመልሷል። እኔ ግን ምሳ ሰዓት በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ቀና ብዬ ባዶውን ሰማይ ማየት አልተውኩም።

ያረፍኩት ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ነበር። ከጣቢያው ፊት ያለው ሰፊ ሜዳ «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ይባላል። አምስት መቶዎቹ በ1887 ዶጋሊ ላይ ራስ አሉላ የደመሰሷቸው ወታደሮች ናቸው። በዚያው አካባቢ የሐበሻ ምግብ ቤቶች አሉ፣ እና እኔ ለሦስት ማታ የበላሁት ምን መሰላችሁ? ሽሮ። በአራተኛው ቀን ራሴን ታዘብኩ። ሮም መጥቼ ሽሮ በልቼ ብመለስ እናቴ ራሷ ትስቅብኛለች።

እናም ከአስጎብኚ ጋር በእግር እየዞሩ የሚበሉበትና የሚጠጡበት የማታ ጉብኝት ፈልጌ ተመዘገብኩ። ብዙ ሰው ትራስቴቬሬ የሚባለውን ሰፈር ይመርጣል፤ ፎቶ ላይ ያምራል። እኔ ቴስታቾን የመረጥኩት በአንድ ቃል ምክንያት ነው። ሰፈሩ የሮም ቄራ ነበር። የከተማው ማረጃ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ እስከ 1975 እዚያ ሠርቷል። ቄራ ካለ ደግሞ ጥሩ ሥጋ የሚያውቅ ሰው አለ፤ ይሄን ለአዲስ አበባ ልጅ ማስረዳት አያስፈልግም።

የመጀመሪያ ስህተቴ ቀኑ ነው። ሥልጠናው ዓርብ ስለሚያልቅ ዓርብ ማታን ያዝኩ፣ ወደ 90 ዩሮም ከፈልኩ፤ ከዚያ አልጋ ላይ ሆኜ «ዓርብ!» አልኩ። ጾም ነው። ለድርጅቱ ጻፍኩላቸው። «ችግር የለም፣ ከእንስሳት ውጤት ነፃ የሆነ እናዘጋጃለን» አሉ። በቄራ ሰፈር የጾም መብል ይዞ መዞር ግን ቤተ ክርስቲያን ሄዶ በር ላይ ቆሞ እንደ መመለስ ሆነብኝ። ወደ ቅዳሜ አዛወሩልኝ። ከ24 ሰዓት በላይ ስለቀረው ተጨማሪ አልከፈልኩም፤ ስትመዘገቡ ይህቺን መስመር ፈልጋችሁ አንብቧት። በዚያው መልእክት ላይ «አሳማ አልበላም» ብዬ ጻፍኩ። «ተመዝግቧል» አሉኝ፤ እኔም ነገሩ ያለቀ መሰለኝ።

ቅዳሜ 11 ሰዓት ተኩል፣ እነሱ 17፡30 በሚሉት ሰዓት፣ ፒራሚዴ ሜትሮ ጣቢያ ደረስኩ። ስሙ የቀልድ አይደለም፤ ከጣቢያው ፊት ለፊት ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት የተሠራ እውነተኛ ፒራሚድ አለ፣ ቼስቲዮ የሚባል ሮማዊ መቃብር። ዘጠኝ ሰዎች ነበርን። አስጎብኚያችን የሰፈሩ ልጅ ነች፤ በአንድ እጇ ስልክ፣ በሌላው ሲጋራዋን ለማጥፊያ የሚሆን ቦታ ትፈልጋለች። ስማችንን እየጠራች እኔ ጋ ስትደርስ «አንቺ ሥጋ የማትበዪው ነሽ» አለችኝ።

እኔ? በጥቅምት?

ነገሩ ሲጣራ፣ ቢሮ ያለው ሰው «አሳማ አልበላም» ያልኩትን «አትክልት ብቻ» ብሎ አሳጥሮ ልኮላታል። ባልናገር ኖሮ ማታውን ሙሉ ደብርጃን ስበላ ላድር ነበር። ስለዚህ የጻፋችሁትን አትመኑ፤ አስጎብኚውን ራሱን፣ ገና ከመነሳታችሁ፣ የማትበሉትን ብቻ ሳይሆን የምትበሉትንም ንገሩት። እኔ «በሬ እበላለሁ፣ በግ እበላለሁ፣ ዶሮ እበላለሁ፣ አንጀትና ጨጓራም እበላለሁ፤ አሳማ ብቻ አይሆንም» አልኳት። አንጀትና ጨጓራ የሚለውን ስትሰማ ፊቷ በራ። «ዛሬ ምን ቀን እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አለችኝ።

ሮማውያን ለሳምንቱ የምግብ ቀን አላቸው። ሐሙስ ኞኪ ነው፣ ከድንች የሚሠራ ድቡልቡል ሊጥ። ዓርብ ዓሣ ነው፣ ምክንያቱ እንደኛው ሃይማኖት ነው። (ዓሣ ይጾማል አይጾምም የሚለውን ጭቅጭቅ እዚህ አልጀምረውም።) ቅዳሜ ደግሞ ትሪፓ፣ ማለትም ጨጓራ። ለእሑድ የሚሆነው ከብት ሲታረድ ሥጋው ለባለ ገንዘብ ይሄዳል፣ የሆድ ዕቃው በዚያው ቀን ካልተበላ ይበላሻል። ከዓርብ ወደ ቅዳሜ ያዛወረኝ ጾሙ በጨጓራ ቀን ላይ ጣለኝ ማለት ነው።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቦታዎች በፍጥነት ልለፋቸው። አንደኛው ቡና ቤት ነው፤ ስፕሪትዝ የሚባል ብርቱካንማ ቀለም ያለው የአልኮል መጠጥ ከወይራ ፍሬ ጋር። በባዶ ሆድ ስለጠጣሁት ጉልበቴ ላላ፣ ሳቄም በዛ። ሁለተኛው የጥብስ ሱቅ፤ ሱፕሊ የሚባል፣ መሐሉ ሞዛሬላ የገባበት የሩዝ ጥብስ። ሲቆርሱት አይቡ እንደ ስልክ ሽቦ ስለሚሳብ «የስልክ ሱፕሊ» ይሉታል። የተለመደው በሥጋ ስጎ ነው፣ የዚያ ሱቅ ስጎ ደግሞ አሳማ ተቀላቅሎበታል። ለእኔ በአይብና በቁንዶ በርበሬ የተሠራው መጣ። አንድ ይበቃ ነበር፤ ሁለት በላሁ፣ በኋላ ቆጨኝ። ስድስት ቦታ በሚያስቆም ጉብኝት ላይ ሁለተኛው ቦታ ላይ የጠገበ ሰው ራሱን ነው የሚቀጣው።

ከዚያ ወደ ድሮው ቄራ ሄድን። በሩ አናት ላይ አንድ ባለ ክንፍ ሰው ከኮርማ ጋር ሲታገል የሚያሳይ ሐውልት አለ። ውስጡ ዛሬ የሥነ ጥበብ ማሳያና የዩኒቨርሲቲ ክፍል ሆኗል፣ ሥጋ ይንጠለጠልበት የነበረው የብረት ሐዲድ ግን ከነመንጠቆው አለ። አስጎብኚዋ «ኲንቶ ኳርቶ» የሚለውን ቃል ያስረዳችን እዚያ ቆማ ነው፤ «አምስተኛው ሩብ» ማለት ነው። ከብቱ አራት ቦታ ተከፍሎ ለመኳንንቱ፣ ለካህናቱ፣ ለነጋዴውና ለወታደሩ ይሄዳል። ቆዳ ገፋፊውና አራጁ ከደመወዙ ከፊሉን የሚያገኘው በተረፈው ነው፤ በጨጓራ፣ በጅራት፣ በሳንባ፣ በአንጀት። ሚስቶቻቸውና በሩ ላይ ያሉት ምግብ ቤቶች ያንን ነው የሮም ወጥ ያደረጉት። ከአውስትራሊያ የመጡት ባልና ሚስት ፊታቸውን አጨማደዱ። እኔ ስለ ዱለት እያሰብኩ ነበር።

በመንገድ ላይ ውኃ ጠጣን። በሮም ጎዳና ላይ ናዞኔ የሚባሉ ሁልጊዜ የሚፈሱ የብረት ቧንቧዎች አሉ፣ «አፍንጫሞቹ» እንደ ማለት። አፉን በጣት ስትደፍኑት ውኃው ከላይ ባለች ትንሽ ቀዳዳ ይፈናጠራል፣ ጎንበስ ሳትሉ ትጠጣላችሁ። በወይን መሐል ከዚህ መጎንጨት ለነገው ራስ ምታት ከማንኛውም መድኃኒት ይሻላል። ጠርሙስ ውኃ አትግዙ።

ዋናው እራት በሸክላ ኮረብታው ሥር ነበር። ሞንቴ ቴስታቾ ኮረብታ ይመስላል እንጂ የተሰበረ ገንቦ ክምር ነው። በጥንት ዘመን ከስፔንና ከሰሜን አፍሪካ የወይራ ዘይት ይዘው የመጡ ገንቦዎች ዘይቱን ወደ ውስጥ ስለሚመጥጡ ዳግም አይሞሉም፤ ሰብረው ሰብረው 35 ሜትር ገደማ ቁመት ያለው ኮረብታ ሠሩ። በሸክላው መሐል አየር ስለሚያልፍ ሥሩ የተቆፈረው ዋሻ ቀዝቃዛ ነው፣ ወይንም ይቀመጥበት ነበር። ሮማውያን በጥቅምት እሑድ እዚህ ወጥተው የመጠጣት ልማድ ነበራቸው። እኛ ለጥቅምት አንድ አጥንት እንደምንለው መሆኑ ነው።

አጥንቱማ መጣ። ኮዳ አላ ቫቺናራ፣ የበሬ ጅራት፣ በቲማቲምና በሴለሪ ለሰዓታት የተቀቀለ፣ ሥጋው ከአጥንቱ በሹካ ጫፍ የሚለቅ። ሽታው ደረሰኝ። አስጎብኚዋ እጇን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ «ቆይ» አለችና ወደ ማብሰያ ቤት ገባች። ስትመለስ ጅራቱ የበሬ ቢሆንም ሽንኩርቱ የተቁላላው በአሳማ ስብና በጓንቻሌ፣ ማለትም በአሳማ ጉንጭ እንደሆነ ነገረችኝ። «በሬ ነው ወይ?» ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ፤ «በምን ተቁላላ?» በሉ። በሮም ጓንቻሌ እንደ እኛ ቤት ቅቤ ነው፣ የማይገባበት ቦታ የለም። አማትሪቻናም ካርቦናራም የሚባሉት ፓስታዎች በእሱ ናቸው። እኔ የበላሁት ፓስታ ካቾ ኤ ፔፔ ነው፣ የበግ አይብና ቁንዶ በርበሬ ብቻ፤ አይቡ የሚቀልጠው ፓስታው በተቀቀለበት ውኃ ነው።

ጨጓራው በወይራ ዘይት የተሠራ ነበር። በቀጫጭኑ ተቆርጦ በቀይ ስጎ ተሸፍኗል፣ ላዩ ላይ የተፈረፈረ ፔኮሪኖ፣ ማለትም የበግ አይብ፣ እና የናና ዘር የሆነ ቅጠል። የማር ሰፈፍ የመሰለው ክፍል ስጎውን ይዞ አፍ ውስጥ ይለቀዋል። ዱለት ይነካከሳል፣ ሚጥሚጣው ይጮኻል፣ ኮረሪማው ይከተላል፤ ይሄ ደግሞ ለስላሳ ነው፣ ቶሎ አይናገርም፣ ናናው ነው መጨረሻ ላይ የሚመጣው። ሚጥሚጣ ቢኖረኝ እነሰንስበት ነበር፣ አልዋሽም። አውስትራሊያዊቷ ሳህኗን ወደ እኔ ገፋች። ከዚያ ባሏም። ሳህኑን በዳቦ ጠርጌ ስጨርስ አስጎብኚዋ «ይሄን ከየት ተማርሽው?» አለችኝ። ዱለትን ነገርኳት፣ ጥሬ፣ ለብ ለብና ብስል እንዳለው ጭምር። ጥሬ የሚለው ላይ እሷም ፊቷን አጨማደደች። ነጩ የፍራስካቲ ወይን ከሁሉም ጋር ሄደ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጥቂት ነው። አይስክሬም በላን (የፒስታቹ ቀለሙ አረንጓዴ የሚያበራ ከሆነ እለፉት፣ ትክክለኛው ቡናማ የመሰለ ደብዛዛ ነው)። ማኪያቶ አዝዤ ሁለት ጉንጭ የማይሞላ ስኒ መጣልኝ፤ የእኛ ማኪያቶ ወተት የበዛበት መሆኑን ያን ጊዜ አወቅሁ። በመጨረሻ አማሮ፣ አዲስ አበባ ፈርኔት የምንለው መራራ መጠጥ ዘመድ። አንድ ትንሽ ብርጭቆ፣ ሁለተኛውን እንቢ በሉ።

ማታውኑ የጨጓራውን ፎቶ ለእናቴ ላክሁላት። ጠዋት ደወለች። ጥሩ ነው አላለችም፣ ዋጋውንም አልጠየቀችም። «በምን አጥበውት ነው እንዲህ የነጣው?» አለችኝ። አልጠየቅኳቸውም ነበር። ለአስጎብኚዋ ጻፍኩላት፤ ጣልያን አገር ጨጓራ ከሥጋ ቤት የሚገዛው ታጥቦና ተቀቅሎ ነው፣ ማንም ቤቱ አያጥበውም ብላ መለሰችልኝ። ለእናቴ ነገርኳት። ትንሽ ዝም አለች።

«ሰው ያጠበውን ነው የበላሽው?»